የሰጡትን መንሳት
(ለጨዋታ ጸሐፊዎችና ለትንንሽ አሳታሚዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለ አንዲት ቃል ነው። ኦፕን ጌም ላይሰንስ በሚባለው ፈቃድ ዘጠነኛ አንቀጽ ውስጥ ትገኛለች፤ ፈቃዱ ሌሎች ሰዎች ለደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ ይዘው ዳይስ እየጣሉ የጀብዱ ታሪክ ለሚጫወቱበት ጨዋታ፣ የራሳቸውን ሥራ ጽፈው እንዲሸጡ የሚፈቅድ ነው። ቃሏ ወደ አማርኛ ስንመልሳት «ዕውቅና የተሰጠው» እንደማለት ናት። ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣ ጀምሮ (ከዚህ በኋላም ዓመታቱን በዚያው አቆጣጠር ነው የምጠራው) በሺዎች በሚቆጠሩ የጨዋታ መጻሕፍት የመጨረሻ ገጽ ላይ ታትማለች። እኔም ገልብጬ አትሜያታለሁ። አንድም ቀን ግን ቆም ብዬ አላሰብኩባትም። ከሃያ ሁለት ዓመታት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2023፣ ይህችው ቃል የክርክር መነሻ ሆነች፤ የብዙ ጸሐፊዎችና የትንንሽ አሳታሚዎች መተዳደሪያም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥያቄ ላይ ወደቀ።

ሦስተኛ ወገን አሳታሚ የምንለው ጨዋታውን ያልፈጠረ፣ ግን ለጨዋታው የሚሆን ነገር የሚያወጣ ሰው ነው። ዋናው ኩባንያ የደንቡን መጽሐፍ ያሳትማል፤ ሌላው በዚያ ደንብ የሚጫወቱትን ጀብዱ፣ አዳዲስ ፍጥረታት፣ ካርታ፣ አንዳንዴም ሙሉ ዓለም ጽፎ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ያለበት ሥራ ነው። ደራሲውም አርታኢውም ሒሳብ ያዡም ያው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጠበቃ የለውም። ፈቃዱን የሚያነበው ብቻውን፣ ማታ፣ ከሥራ በኋላ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ በግልጽ ካልተጻፈ ሌላ ከለላ የለውም።

ከሕጉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የጨዋታ ደንብ፣ አሠራሩ ማለቴ ነው፣ በቅጂ መብት አይጠበቅም። በአሜሪካ ሕግ የዚህ ሐሳብ ሥር የሆነው ፍርድ ስለ ጨዋታ እንኳ አልነበረም። ሰልደን የተባለ ሰው አዲስ የሒሳብ አያያዝ ዘዴ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ቤከር የተባለ ሌላ ሰው ያንን ዘዴ በሚመስል መንገድ የተሠሩ የሒሳብ መዝገቦች አወጣ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1879 ተወሰነ፤ የመጽሐፉ አገላለጽ የጸሐፊው ነው፣ ዘዴው ግን በቅጂ መብት የማንም ሊሆን አይችልም ተባለ። ወደ እኛ ስናመጣው፣ «ሃያ ገጽ ያለውን ዳይስ ጣል፣ የገጸ ባሕርይህን ጥንካሬ ደምርበት፣ ድምሩ የተቀመጠውን ቁጥር ከደረሰ ተሳክቶልሃል» የሚለው አሠራር ባለቤት የለውም። ይህን የሚያስረዱት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሥዕሎቹ፣ የጀግኖቹና የከተሞቹ ታሪክ ግን ባለቤት አላቸው።

ታዲያ ደንቡ ነጻ ከሆነ ፈቃድ ለምን አስፈለገ? ደንቡና አገላለጹ በአንድ ገጽ ላይ ተጠላልፈው ስለሚኖሩ ነው። የአንድ አስማት መግለጫ ምን ያህሉ ዘዴ፣ ምን ያህሉ ድርሰት ነው? ይህን የሚለየው ዳኛ ነው፤ ዳኛ ፊት ለመቆም ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስን በ1974 ያወጣው ቲኤስአር የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ በኢንተርኔት የሚሰራጩ የተጫዋቾችን ሥራዎች እየተከታተለ ከኢንተርኔት እንዲነሱ ያደርግ ነበር፤ ሜይፌር ጌምስ ከተባለው አሳታሚ ጋርም ፍርድ ቤት ተካሷል። በሕግ ትክክል መሆን አንድ ነገር ነው፤ እስከ ፍርዱ ቀን ድረስ ሳይከስሩ መቆየት ሌላ ነገር ነው። ፈቃድ ለትንሽ አሳታሚ የሚሰጠው ከባለቤቱ አፍ የወጣ «አልከስህም» የሚል ቃል ነው። አማርኛችን «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይላል። ክፍት ፈቃድ ማለት ይህ ዕዳ በጽሑፍ ሲሰፍር ነው፤ የጽሑፉም ጥንካሬ የሚታየው ሰጪው ሐሳቡን በለወጠ ቀን ነው።

ቲኤስአር በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ፤ በ1999 ዊዛርድስን ደግሞ ሃስብሮ ገዛው። በ2000 የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስተኛው እትም ሲወጣ፣ እዚያ ይሠራ የነበረው ሪያን ዳንሲ ከነጻ ሶፍትዌር ዓለም፣ በተለይም ሶፍትዌሩን ማንም እንዲቀዳና እንዲለውጥ ከሚያስችለው ከጂፒኤል ፈቃድ የተማረውን ሐሳብ ይዞ መጣ። ጨዋታ የሚጠነክረው በሚጫወቱት ሰዎች ብዛት ነው፤ ሌሎች ጀብዱ በጻፉ ቁጥር ተጫዋቹ ተመልሶ የሚገዛው ዋናውን የደንብ መጽሐፍ ነው። ለትልቅ ኩባንያ የአንዲት ቀጭን ጀብዱ ትርፍ ከድካሙ አይተርፍም፤ ለአንድ ጸሐፊ ግን የወር ኑሮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ተጠቃሚ ይሆናሉ ማለት ነው። እኔ ይህን ስሌት ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ።

ያኔ የወጡት ሰነዶች ሁለት ነበሩ፤ ልዩነታቸውን ያልያዘ ሰው የቀረውን ታሪክ አይረዳውም። አንደኛው ኦፕን ጌም ላይሰንስ፣ በአጭሩ ኦጂኤል፣ የቅጂ መብት ፈቃድ ነው። ዊዛርድስ የደንቡን አጥንት ለብቻው አውጥቶ ማመሳከሪያ ሰነድ አድርጎ አቀረበ፤ ፈቃዱም ይህን ጽሑፍ ቅዳ፣ ለውጥ፣ ሽጥ አለ። ሁለተኛው የዲ ትዌንቲ (የሃያ ገጹ ዳይስ ስም ነው) የንግድ ምልክት ፈቃድ ነው፤ ታዋቂውን አርማ ሽፋንህ ላይ እንድታትም የሚፈቅድ። ገዢ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ላይ የሚለየው በአርማው ስለነበር ብዙዎች ወደዚያ ሮጡ። የአርማው ፈቃድ ግን ሰጪው ሊለውጠውና ሊያቆመው የሚችል ነበር። በ2003 የይዘት መመዘኛ ተጨመረበት፤ አራተኛው እትም በወጣበት በ2008 ደግሞ ጭራሽ አበቃ። አርማውን የተሸከሙ መጻሕፍት ያሏቸው አሳታሚዎች ወይ ሽፋናቸውን መቀየር ወይ መሸጥ ማቆም ነበረባቸው።

በኦጂኤል ብቻ የሠሩት አልተነኩም። ፓይዞ የተባለው አሳታሚ ለዊዛርድስ ሁለት መጽሔቶችን ያዘጋጅ ነበር፤ በ2007 ያ ውል አበቃበት። ለአራተኛው እትም የተዘጋጀው አዲስ ፈቃድ ከፊተኛው በጣም የጠበበ ነበር። ፓይዞ ወደ ሦስተኛው እትም ማመሳከሪያ ተመልሶ በኦጂኤል መሠረት በ2009 ፓዝፋይንደርን አወጣ፤ በተፎካካሪው ጽሑፍ ላይ የተገነባ ጨዋታ፣ ተፎካካሪው ሊያስቆመው ያልቻለ። ሌሎች ደግሞ ወደ ኋላ ሄዱ። በ2006 ኦስሪክ፣ በ2007 ላቢሪንዝ ሎርድ የተባሉት ሥራዎች ከኅትመት የጠፉትን የድሮ እትሞች ደንብ በራሳቸው ቃላት እንደገና ጻፉት። ከኦጂኤል ፍሬዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው ይህንን ነው። ኩባንያው የተወውን ጨዋታ የወደዱት ሰዎች በሕይወት አቆዩት፣ ያንንም ሲያደርጉ ክስ አልፈሩም።

ስለ ፈቃዱ አንቀጾች ሁሉ ማውራት አልፈልግም፤ ሁለቱን ግን አላልፋቸውም። ሰባተኛው አንቀጽ የሌላውን የንግድ ምልክት ጠቅሰህ «ከዚህ ጨዋታ ጋር ይሄዳል» እንዳትል ያስገድድሃል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ብቻውን ቢሆን እውነት እስከሆነና ገዢን እስካላሳሳተ ድረስ በአብዛኛው እንዲህ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኦጂኤልን የተቀበለ ሰው መብት ያገኘ ብቻ አልነበረም፤ የነበረውንም አሳልፎ ሰጥቷል።

አሥራ አምስተኛው አንቀጽ የትውልድ ሐረግ ነው። ከማን እንደወሰድክ፣ እሱም ከማን እንደወሰደ፣ እስከ ምንጩ ድረስ የቅጂ መብት መግለጫዎቹን አንድ በአንድ መገልበጥ አለብህ። በመጀመሪያ መጽሐፌ ላይ ሦስት ፍጥረታትን ከአንድ ሰው ሥራ ወስጄ የእሱን መስመር ጻፍኩ፤ እሱ ራሱ የጠቀሳቸውን ሁለት መስመሮች ግን ዘለልኩ። ከዘለልኳቸው መስመሮች የአንዱ ባለቤት የሆነው ሰው በትሕትና ጻፈልኝ። ፈቃዱ ጥሰትህን ካወቅህ በኋላ ሠላሳ ቀን ይሰጥሃል፤ ካላስተካከልክ ያበቃብሃል። የኮምፒውተር ቅጂውን በማግሥቱ አረምኩ፣ የታተሙትንም መሸጥ አቆምኩ። ያሳዘነኝ ሠላሳ ቀኑ አልነበረም። ያ ሰው ሥራውን በነጻ ለሁላችንም ትቶ በምላሹ የጠየቀው ስሙ እንዲጠራ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ እሱኑ ነፈግኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም ፈቃድ ከመጨረሻው አንቀጽ ወደ መጀመሪያው ነው የማነበው።

አሁን ወደ ጃንዋሪ 2023። አምስተኛው እትም በ2014 ወጥቶ፣ ማመሳከሪያው በ2016 በኦጂኤል ተለቅቆ፣ ጨዋታው ከመቼውም በላይ ሰፍቶ ነበር። ጃንዋሪ 5 ቀን ጊዝሞዶ የተባለው የዜና ድረ ገጽ 1.1 የሚባል አዲስ የፈቃድ ረቂቅ እጁ እንደገባ አስነበበ። ረቂቁ ከ50,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ አሳታሚ ገቢውን እንዲያሳውቅ፣ ከ750,000 ዶላር በላይ የሚያስገባ ደግሞ ከዚያ በላይ ካለው እስከ 25 በመቶ ሮያሊቲ፣ ማለትም ለፈቃድ ሰጪው የሚገባ ድርሻ፣ እንዲከፍል ይጠይቃል። ከትርፍ አይደለም፤ ከገቢ። ወረቀት፣ ሠዓሊ፣ ማጓጓዣና የሻጭ ድርሻ ከተከፈለ በኋላ ከመጽሐፍ ገቢ 25 በመቶ የሚተርፈው አሳታሚ ካለ እድለኛ ነው። በተጨማሪም ኩባንያው በፈቃዱ የተሠራውን ማንኛውንም ነገር ለዘለዓለም፣ ሳይከፍል፣ ራሱ መጠቀም ይችላል ይላል።

ይህ ሁሉ ከባድ ቢሆንም አዲስ ውል ነው፤ ያልፈለገ አይፈርምም። ሰውን ያንቀጠቀጠው ሌላ ነገር ነው። ረቂቁ የድሮው ፈቃድ፣ 1.0ኤ የሚባለው፣ ከእንግዲህ ዕውቅና የተሰጠው አይደለም ይላል። አሁን ወደዚያች ቃል ተመለስን። ዘጠነኛው አንቀጽ ዊዛርድስ የታደሰ ፈቃድ ሊያወጣ እንደሚችልና ተጠቃሚው ከሚወጡት ሁሉ ዕውቅና የተሰጠውን ማንኛውንም እትም መምረጥ እንደሚችል ይናገራል። የተጻፈው ተጠቃሚውን ለመጠበቅ ነበር፤ አዲሱ ካልተመቸህ በድሮው ቀጥል ለማለት። ዊዛርድስ ራሱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው የጥያቄና መልስ ጽሑፍ ላይ ልክ እንዲህ ብሎ አስረድቶ ነበር። ነገር ግን ዕውቅና ሰጪው ዕውቅናውን መንሳትም ይችላል ተብሎ ከተነበበ አንቀጹ ይገለበጣል፤ ጋሻው ሰይፍ ይሆናል። አራተኛው አንቀጽ ፈቃዱን ዘላለማዊ ይለዋል፤ «የማይሻር» የሚል ቃል ግን የትም የለበትም። ዘላለማዊ ማለት ማብቂያ ቀን አልተቆረጠለትም ማለት ነው ወይስ ሰጪው ሊነሳው አይችልም ማለት ነው? ጠበቆች በዚህ ላይ አልተስማሙም። ዳንሲ ዓላማው ፈጽሞ እንዳይሻር እንደነበር በአደባባይ ተናገረ። ነገሩ ፍርድ ቤት ስላልደረሰ ጥያቄው እስከ ዛሬ በፍርድ አልተፈታም።

አንድ መጽሐፍ ለማውጣት ዓመት የደከመ ሰው እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፋቸው አስቡ። መጋዘን ውስጥ ያለው ክምችት በሚቀጥለው ወር የሚሸጥ ይሁን አይሁን አያውቅም። አስቀድመው ገንዘብ የሰጡት አንባቢዎች መጽሐፋቸውን ይጠብቃሉ። ሠዓሊዋ ክፍያዋን ትጠብቃለች። እኔም ግማሽ የተጻፈ ሥራ ዘግቼ ሁለት ሳምንት አልከፈትኩትም።

ጃንዋሪ 12 ፓይዞ የማንም ኩባንያ ንብረት ያልሆነ አዲስ ክፍት ፈቃድ እንደሚያዘጋጅ አስታወቀ፤ ሌሎች አሳታሚዎችም ተቀላቀሉት። በማግሥቱ ዊዛርድስ ሮያሊቲውን እንደሚተው ገለጸ። ጃንዋሪ 19 ደግሞ 1.2 የተባለ ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ይህኛው «የማይሻር» የሚለውን ቃል ይዟል፤ የድሮውን ፈቃድ ግን አሁንም ይነሳል። ጎጂና ጥላቻ አዘል ይዘት ካወጣህ ፈቃድህን አቋርጣለሁ፣ ጎጂ የሆነውን የምወስነውም እኔ ብቻ ነኝ፣ ውሳኔዬንም በፍርድ ቤት አትሞግትም ይላል። ጥላቻን ማንም ጤነኛ አሳታሚ አይፈልግም። ነገር ግን አንድ ወገን ብቻውን ከሳሽም ዳኛም ከሆነ «የማይሻር» የሚለው ቃል ትርጉሙ ጠፍቷል፤ በፊት በር የወጣው መሻር በጓሮ ተመልሶ ገብቷል። አንዳንድ ወዳጆቼ ያኔ «ቃሉ ገብቷል፣ በቃ» ብለው ተረጋግተው ነበር። እኔ አልተረጋጋሁም፤ ዛሬም ልክ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ።

ኩባንያው አስተያየት ጠየቀ፤ ከ15,000 በላይ ሰዎች መለሱ። ከመለሱት 88 በመቶው በ1.2 ማሳተም እንደማይፈልጉ ተናገሩ። ጃንዋሪ 27 ዊዛርድስ 1.0ኤን እንደማይነካ አስታውቆ፣ ከዚያም በላይ ሄዶ፣ የአምስተኛውን እትም ማመሳከሪያ ሙሉውን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀው። ምንጩን ከጠቀስክ እንዳሻህ ተጠቀም የሚለው፣ 4.0 የሚባለው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው። በ2025 ለታደሰው ደንብ የወጣውን ማመሳከሪያም በዚሁ ፈቃድ አወጣው። ለዚህ እርምጃ ምስጋና ይገባዋል፤ ሳልሰስት አመሰግናለሁ።

የክሪኤቲቭ ኮመንስ ጽሑፍ ላይ «የማይሻር» የሚለው ቃል በግልጽ ሰፍሯል። ጽሑፉን የሚጠብቀው ድርጅት ጨዋታ አይሸጥም፤ በጨዋታው ላይ ጥቅም የለውም። ብትሳሳት እንኳ፣ ስህተትህን ባወቅህ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካረምክ ፈቃድህ በራሱ ይመለስልሃል። የዊዛርድስ ማመሳከሪያም «ከአምስተኛው እትም ጋር ይስማማል» ብሎ መጻፍን ይፈቅዳል፤ ያ የሰባተኛው አንቀጽ እስራት እዚህ የለም።

ይሁን እንጂ ጣጣ አለው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የለቀቅከውን ሰነድ በሙሉ ይይዛል። ስለዚህ ዓለምህን፣ ገጸ ባሕርያትህን፣ ስሞችህን ለራስህ ማስቀረት ከፈለግህ ደንቡን ለብቻው ሰነድ አድርገህ አውጥተህ ያንን ብቻ ልቀቅ። በስህተት የገባ አንድ የከተማ ስም ተመልሶ አይወጣም። የማይሻር ማለት ለአንተም የማይሻር ነው። ሌላው፣ ይህ ፈቃድ የተቀበለውን ሰው መልሰህ አጋራ አይለውም። የሌላውን ወስዶ ያሻሻለ ሰው ማሻሻያውን ሊዘጋው ይችላል። በጁን 2023 የተጠናቀቀው የፓይዞና የአጋሮቹ ፈቃድ፣ ኦርክ የሚሉት፣ ይህንን ክፍተት ይሞላል፤ ደንብና አሠራር የሆነው ነገር ሁሉ በራሱ ክፍት ሆኖ ይተላለፋል፣ ታሪክና ዓለም የሆነው ደግሞ በራሱ ለጸሐፊው ይቀራል። እሱም የማይሻር ነው። ከሌሎች እየተቀባበሉ መሥራት ለሚወዱ ኦርክን እመርጣለሁ፤ ብቻውን ለሚሠራና ቀላል ነገር ለሚፈልግ ክሪኤቲቭ ኮመንስን።

ጨዋታ የፈጠራችሁ፣ ሌሎች እንዲጽፉለት የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ፈቃድ ራሳችሁ አትጻፉ። በቅን ልብ ተጽፈው ክፍት ያልሆኑ ብዙ ፈቃዶች አንብቤያለሁ። «ለንግድ ካልሆነ በቀር» የሚለው ሐረግ በተለይ ደግ ይመስላል፤ ለሦስተኛ ወገን አሳታሚ ግን የተዘጋ በር ነው፣ እሱ የሚኖረው በመሸጥ ነውና። አርማችሁን ለማበደር ከፈለጋችሁ በሌላ ወረቀት አድርጉት፤ የቅጂ መብቱ ጸንቶ ይኑር፣ አርማው ብቻ ይመለስ። ሌላ መንገድም አለ። በ2010 አፖካሊፕስ ወርልድን ያወጡት ቪንሰንት ቤከርና ሜጌይ ቤከር በእነሱ አሠራር ጨዋታ መሥራት ፈቃድ እንደማያስፈልገው በግልጽ ተናገሩ፤ አርማቸውን ለመጠቀም ግን ፈቃድ ይጠየቃል። ከዚያ የተወለዱት ጨዋታዎች ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ሆነዋል። የ1879ኙን ፍርድ ከልቡ ያመነ ሰው የሚያደርገው ይህን ነው።

ያን ግማሽ ሥራ በኋላ ጨርሼ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ማመሳከሪያ ላይ አሳተምኩት። የመጀመሪያው መጽሐፌ ግን እዚያው አለ። ወደ አዲሱ ፈቃድ ላዛውረው ፈልጌ ነበር፤ የትውልድ ሐረጉ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ሥራቸውን የሰጡት በኦጂኤል ነው፣ ያለ እነሱ ይሁንታ ፈቃዱን መቀየር አልችልም። ያኔ ስሙን የዘለልኩት ሰው ባለፈው ወር «እሺ» ብሎ ጻፈልኝ። ሁለተኛውን ሰው እስካሁን አላገኘሁትም። የሚታወቅበት አድራሻ አይሠራም፣ ከብዙ ዓመታት ወዲህ ምንም አላሳተመም። እስካገኘው ድረስ መጽሐፉ በድሮው ፈቃድ ይቆያል፤ የእሱም መስመር በመጨረሻው ገጽ ላይ።